አሥራ አንድ ሰማያዊ ካርድ

ቂመኛ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገረው፤ ኋላ "ምነው ሳትነግሪን" እንዳትሉኝ። እናቴ በልጅነቴ "ይቺ ልጅ ያደናቀፋትን ድንጋይ እንኳ ስሙን ጠይቃ ትይዛለች" እያለች ትስቅብኝ ነበር። የማጫውታችሁ ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እስከ ማክሰኞ ረፋድ ድረስ የሆነውን ነው። ከዚያ ወዲህ የቂም ነገር ሲነሳ እንደ ድሮው አፌን ሞልቼ መናገር አቅቶኛል።

ሲያትል የመጣሁት በዲቪ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ መሀል ከተማ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ከባለመኪና ሂሳብ መቀበል ነበር። ኩባንያው በከተማውና በኤርፖርቱ ዙሪያ ብዙ ፓርኪንግ ያስተዳድራል፤ አክሲዮኑም በገበያ የሚሸጥ ነው። ሠራተኛ የሆነ ሰው ከፈለገ ከደመወዙ እየተቆረጠ አክሲዮን በቅናሽ መግዛት ይችላል። ያኔ በየሳጥኑ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን ሀበሾች ነበርን። አንዱ ሲገዛ ሌላው ገዛ፤ እኔም ነገሩ በቅጡ ሳይገባኝ ገዛሁ።

ግሬግ የሚባል የአካባቢ ሥራ አስኪያጅ ነበረን። አንድ ቀን ከሰዓት፣ መኪናው ከመውጫው በር እስከ ታችኛው ፎቅ መጠምዘዣ ተሰልፎ ሳለ፣ አንድ ጥበቃ አስከትሎ መጣ። የእለቱ ሂሳብ ከማሽኑ ጋር አልገጠመም ተብሏል። "ውጪ" አለኝ። ወጣሁ። ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አንስቶ፣ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቀኝ ሲሚንቶው ላይ ገለበጠው። ምሳ ዕቃዬ ተከፍቶ ምስር ወጡ ፈሰሰ። ማበጠሪያዬ፣ ሞዴሴ፣ የእናቴ ፎቶ፣ ሁሉም ተበተነ። ሹፌሮቹ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ያያሉ። ግሬግ በጫማው ጫፍ ዕቃዬን ገለጥ ገለጥ አደረገው። ምንም አላገኘም። "ከእንግዲህ አንቺን ማመን አልችልም" ብሎ የሥራ መታወቂያዬን ከአንገቴ አስወለቀኝ።

ዕቃዬን የለቀሙልኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ከእኔ ቀጥሎ ተረኛዋ እሳቸው ነበሩ፤ ሥራ ሊገቡ ሲደርሱ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። የኩባንያውን ጃኬት እንደለበሱ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከው አንድ በአንድ ለቀሙት፤ የእናቴን ፎቶ በመሀረባቸው ጠረጉት። ላግዛቸው ጎንበስ ስል "ተይ ልጄ፣ አትጎንበሺ። አንቺ ቆመሽ እይው" አሉኝ። ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስህተቱ የማሽኑ መሆኑ ታወቀ። የነገሩኝም እትዬ አስካለ እንጂ ኩባንያው አይደለም። "ይቅርታ" ብሎ የደወለልኝ የለም።

ሼሬን አልሸጥኩም። ሰው ሁሉ "ሸጠሽ ተገላገዪው" ይለኝ ነበር። እኔ ግን በየዓመቱ በፖስታ የሚመጣውን የድምፅ መስጫ ካርድ እፈልገው ነበር። ግሬግ ከሥራ አስኪያጅነት ወደ ዋና ሥራ አስፈፃሚነት፣ ከዚያም ወደ ቦርድ አባልነት ሲወጣ፣ እኔ በየፀደዩ ከስሙ ትይዩ "አልደግፍም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ እልክ ነበር። በሚሊዮን ድምፅ መሀል የእኔ ጥቂት ድምፆች ምንም እንደማያመጡ አውቃለሁ። እስክሪብቶውን ጫን አድርጌ ስስል ግን ደስ ይለኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። እኔም ተምሬ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆንኩ። የሥራዬ ሕግ አጭር ነው፤ የተባለውን ሁሉ ትናገራለህ፣ አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቀንስም። በዚህ ምክንያት የድሮ የፓርኪንግ ባልደረቦቼ ደብዳቤ በመጣላቸው ቁጥር የሚያስነብቡት እኔን ነው።

ከዚያ ጊዜው ደረሰ። ከሌላ ስቴት አንድ ትልቅ ኩባንያ መጥቶ "ልግዛችሁ" አለ። ያቀረበው ዋጋ አክሲዮኑ በገበያ ከሚያወጣው በጣም ይበልጣል። ቦርዱ "ያንሳል" ብሎ መለሰው። ጨምሮ መጣ፤ አሁንም "አንሸጥም" ተባለ። ገዢው ቦርዱን ተወና ወደ እኛ ወደ ባለአክሲዮኖቹ ዞረ። "በጠቅላላ ጉባኤው እነዚህን አንሱና የእኔን ሰዎች ምረጡ፤ ከዚያ በዚህ ዋጋ እገዛችኋለሁ" የሚል ደብዳቤ ከሰማያዊ ካርድ ጋር ላከልን። ኩባንያው ደግሞ "እምቢ ያልነው ለእናንተ ብለን ነው" የሚል ደብዳቤ ከነጭ ካርድ ጋር ላከ። በነጩ የፈረመ ግሬግን ያቆያል፤ በሰማያዊው የፈረመ ግሬግን ያስወጣል። እኔ ከዚህ ሌላ የታየኝ ነገር አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮሎምቢያ ሲቲ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የሀበሻ ሬስቶራንት ጓዳ ክፍል ሰበሰብኳቸው። እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ባለአክሲዮኖች ነበርን፤ ሁላችንም የድሮ የሳጥን ሰዎች። ከመሀላችን አሁንም ሳጥን ውስጥ የቀሩት እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው፤ የሌላው ሰው ቦታ ማሽን ተተክሎበታል። ከፈረቃ በቀጥታ ስለመጡ ጃኬታቸውን እንኳ አላወለቁም።

ጋሽ ወልዴ ጡረታ የወጡ፣ ቶሎ ትዕግስት የሚያልቅባቸው ሰው ናቸው። ገና ሳልቀመጥ "ሶ ምስራቅ፣ ዝባዝንኬውን ተዪና ዋጋውን ንገሪን" አሉ።

ነገርኳቸው። ዙሪያው በፉጨት ተሞላ።

"እና ይህን ነው ሁለቴ ሪጀክት ያደረጉት? እኛን ሳይጠይቁ? ሼሩ የማን ሆነና!"

"ቆይ ጋሽ ወልዴ" አለ አሁን ታክሲ የሚነዳው ሙሉጌታ። "ሁለቴ ሲመልሱት ጨመረ አይደል? ሦስተኛ ቢመልሱት ደግሞ ይጨምራል። ምን አስቸኮለን?"

"አንተ ደግሞ በግ ተራ መሰለህ እንዴ? ጥሎ ቢሄድስ?"

ተሳሳቁ። ሳቁ ጋብ ሲል ደብዳቤዎቹን እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። የገዢውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ድምፄን እያሳመርኩ አነበብኩት። የኩባንያውን ስጀምር ሁለተኛው ገፅ ላይ ደረስኩና ሁለት ወረቀት አብሬ ገለጥኩ። በስህተት አይደለም። ገፅ ሦስት ላይ የተጻፈውን ቤቴ ሆኜ አንብቤዋለሁ፤ ገዢው ኩባንያውን ከያዘ በሁሉም ፓርኪንግ ካሜራ እንደሚተክልና የቀሩትን ገንዘብ ተቀባዮች በሙሉ እንደሚያሰናብት ነው የሚያትተው። ያ ገፅ ለግሬግ የሚሟገት ገፅ ነው፤ እኔ ደግሞ ለግሬግ አፌን ላውሰው አልመጣሁም።

"ምስርዬ" አሉ እትዬ አስካለ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ስለ ሥራው የሚለው ነገር አለ?"

"እንደተለመደው ነው እትዬ። ይህን ያህል የለውም።"

"እሺ ልጄ። አንቺ ካልሽ።"

ፈረሙ። እንግሊዝኛውን ከማያውቁበት ዘመን ጀምሮ ፊርማቸው በአማርኛ ነው፤ "አስካለ" ብለው ቁልጭ አድርገው ይጽፋሉ። ካርዱን ተቀብዬ ከሌሎቹ ጋር አደረግኩት። የዚያን ቀን ያስጨነቀኝ ነገር ቢኖር ካርዶቹ እንዳይታጠፉ ብቻ ነው።

ሰኞ በምሳ ሰዓቴ የእትዬ አስካለ ልጅ ቤቲ ደወለችልኝ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ የምትማር ልጅ ናት። አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም ነገሯ ቀጥ ያለ ነው።

"ምስራቅ፣ ለማሚ ፔጅ ስሪን አላነበብሽላትም።"

የጀመርኩትን ምሳ ወደ ጎን ገፋሁት።

"ትናንት እኔ አነበብኩላት። ኢንሹራንሳችን በማሚ ጆብ ነው። አባዬ ስትሮክ ከመታው በኋላ ቴራፒው፣ መድኃኒቱ፣ ኤቭሪቲንግ በእሱ ነው። የመንግሥቱን ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር፣ እስክታገኝ ገና ሁለት ዓመት አላት። ካርዷን መልሺላት፣ ፕሊስ።"

"እሳቸው ምን አሉ?"

"ምንም። 'ምስራቅ ታውቃለች' ብቻ አለች።"

"ታዲያ ከፈለጉ ራሳቸው ይደውሉልኝ። አሁኑኑ እመልስላቸዋለሁ።"

ቤቲ በረጅሙ ተነፈሰች። "ማሚን ታውቂያታለሽ። ለአንቺ ኖ ማለት አትችልም" ብላ ዘጋችው።

እትዬ አስካለ እንደማይደውሉ አውቅ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለምኖ ለመጣ ሰው እምቢ ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው። ለጎረቤት ፊርማ፣ ለቤተክርስቲያን መዋጮ፣ ለማያውቁት ሰው ዋስትና፣ ሁሉን "እሺ" ነው። እኔ ደግሞ ደውዬ "እትዬ፣ ካርዱን ልመልስልዎት ወይ?" ማለት እችል ነበር። እስከ ማታ ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ጠበቅኩ። አልደወሉም። ስላልደወሉ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጉባኤው ወደሚካሄድበት ሆቴል ለመሄድ ከማውንት ቤከር ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። ቦርሳዬን ይዣለሁ፤ ያንኑ ቦርሳ። አሥራ ሁለት ዓመት ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀምጦ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ውስጡን እንደዚያ ቀን አድርጌ ሞልቼዋለሁ፤ ምሳ ዕቃ፣ ማበጠሪያ፣ ለዚሁ ብዬ የገዛሁት ሞዴስ፣ የእናቴ ፎቶ። ምስር ወጥ ልጨምር አስቤ ነበር፤ የሆቴሉን ምንጣፍ የሚያጸዳው እንደኛው ያለ ሰው መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ካርዶቹን በላስቲክ አስሬ ከታች ከተትኳቸው።

በጉባኤው ላይ ማንኛውም ባለአክሲዮን ሁለት ደቂቃ የመናገር መብት አለው። አንድ ሼር ይኑረው አንድ ሺህ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። የእኔን ሁለት ደቂቃ መስታወት ፊት ስንቴ እንደተለማመድኩት አልነግራችሁም፤ ያሳፍረኛል።

አዳራሹ ካሰብኩት ያነሰ ነበር። አርባ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ አብዛኞቹ ያረጁ ነጮችና ሱፍ የለበሱ ጠበቆች። መድረኩ ላይ ግሬግ አለ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ያው ፊት ነው። ዓይኔን ወደ ፊተኛው ረድፍ ሳወርድ የማውቀውን ጃኬት አየሁ። እትዬ አስካለ ናቸው።

ቀረብ ብዬ "እትዬ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" አልኳቸው።

"ነይ አሉኝ፣ መጣሁ። ፈረቃሽን እንከፍልሻለን፣ ቁጭ ብቻ በይልን አሉኝ። አለቃን እምቢ እንዴት ይባላል?" ከዚያ ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ አረፈ። "ያቺ ቦርሳ አይደለችም?"

"ናት።"

ስለ ካርዱም አልጠየቁኝም። እኔም አላነሳሁባቸውም፤ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ባለአክሲዮኖች ይናገሩ ተባለ። ኮፍያ ያደረገ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። "ሁለት ጊዜ ዋጋ መጣ፣ ሁለት ጊዜ መለሳችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ቤቱ የእኔ፣ በሩን የምትዘጉት እናንተ!" አለ። ቀጥሎ አንዲት ባልቴት፣ አክሲዮኑን ባለቤታቸው ትቶላቸው እንደሞተ ተናግረው "ገዢው ቆራርጦ ሊሸጠን ነው፤ ቦርዱ ልክ ነው" አሉ። ከኋላ ደግሞ አንድ ወጣት "ያንሳል የምትሉ ከሆነ ስንት ነው የሚበቃው? ቁጥሩን ንገሩን" ብሎ ጠየቀ።

ግሬግ ማይኩን ያዘ። "ኩባንያ ማለት ሰው ነው" አለ። "እዚህ የተቀመጠችው አስካሊ ከሃያ ዓመት በላይ አብራን ሠርታለች። ገዢው በእሷ ቦታ ካሜራ ሊተክል ነው ያሰበው። እኛ ሁለት ጊዜ እምቢ ያልነው ለእሷ ብለን ነው። አስካሊ ቤተሰባችን ናት።"

ተጨበጨበ። ባለኮፍያው ሽማግሌ ሳይቀር አጨበጨበ። እትዬ አስካለ ግማሽ ብድግ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ። የሰውየውን ንግግር የሚያናድድ ያደረገው እውነት መሆኑ ነው። ካሜራው እውነት ነው። ቅዳሜ ዕለት እኔ የደበቅኩትን ገፅ፣ ቦርሳዬን የገለበጠው ሰው እንደ ጽድቅ ሥራ አድርጎ በማይክ ይናገረዋል። ተነስቼ ወደ ማይኩ ሄድኩ።

"ምስራቅ እባላለሁ። ባለአክሲዮን ነኝ፤ የድሮ ሠራተኛም ነኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ።" እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንተ ነው ያልኩት። "ይህን ቦርሳ ታስታውሰዋለህ?"

"ይቅርታ?" አለ ፈገግ እያለ።

ገለበጥኩት። ምሳ ዕቃው ምንጣፉን መትቶ ተንከባለለ። ማበጠሪያው፣ ሞዴሱ፣ የእናቴ ፎቶ ወረዱ። እስከዚህ ድረስ በዕቅዴ መሠረት ነው። ከዚያ ግን የረሳኋቸው ካርዶች ወደቁ፤ ላስቲኩ ተበጥሶ አሥራ አንዱም ሰማያዊ ካርድ መድረኩ ሥር ተበተነ።

"አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ልታገኝ እንደነበር ሳስብ ነው የኖርኩት" አልኩት። "ያኔ በጫማህ ፈልገህ አጥተኸዋል። እስቲ አሁን ጎንበስ ብለህ በእጅህ ፈልግ።"

ፊቱ ተለወጠ። አስታውሶኛል። ጆሮው ከታች ጀምሮ ሲቀላ እያየሁት ነው።

"ያ... ያኔ የአሠራር ጉዳይ ነበር" አለ። "እንደዚያ ተሰምቶሽ ከሆነ አዝናለሁ።"

"የተሰማኝን አልጠየቅኩህም። ያደረግከውን ነው።"

"መልስላት!" አለ ባለኮፍያው ሽማግሌ።

ከፊተኛው ረድፍ የጃኬት ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ተነስተው መጡና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። ምሳ ዕቃውን አነሱ። ማበጠሪያውን አነሱ። የእናቴን ፎቶ ዛሬም በመሀረባቸው ጠረጉት። የግሬግ ቤተሰብ ናቸው የተባሉት ሴት ለእኔ ተንበርክከው ዕቃዬን ይለቅማሉ፤ እሱ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ያያል። እኔም ያኔ ያሉኝን አደረግኩ። አልጎነበስኩም። ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጣፈጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። እትዬ አስካለን ግን አላየኋቸውም፤ ከእግሬ ሥር ነበሩ።

ሲጨርሱ ተነስተው ቦርሳውን ሰጡኝ። ካርዶቹን ሰብስበው፣ ጠርዛቸውን አስተካክለው፣ ከሁሉም ዕቃ በላይ አድርገውልኛል። "ዕቃሽን ያዢ ልጄ" አሉኝ። ትንሽ ቆመው አዩኝና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ከማይኩ እስከ ድምፅ ተቀባዮቹ ጠረጴዛ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በእነዚያ ሃያ እርምጃዎች ውስጥ ካርዶቹን ተመለከትኩ። ከላይ ያለው "አስካለ" ይላል። በአጋጣሚ እንዳልሆነ ገባኝ። አውጥቼ ኪሴ ብከተው ማንም አያይም። ግን ትንሽ ቀደም ብሎ የግሬግ ጆሮ ሲቀላ አይቻለሁ፤ ጠግቤ አልጠገብኩም። ከእሱ ላይ አንዲት ድምፅ ልቀንስለት? ደግሞስ ራሳቸው ፈርመውታል አይደል? ከላይ ያደረጉትም እንዳይረሳ ብለው ይሆናል አልኩ። ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ፤ አሥራ አንዱንም ሰጠሁ።

ሰማያዊው አሸነፈ። ያሸነፈው በእኛ አይደለም። ትልልቆቹ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ድምፃቸውን ከቀናት በፊት ሰጥተው ጨርሰዋል፤ የእኛ አሥራ አንድ ካርድ ኖረ አልኖረ ለውጤቱ ምንም አልነበረም። አዲሱ ቦርድ ሽያጩን ፈቀደ። ጋሽ ወልዴ የሼራቸውን ዋጋ ሲያገኙ ደውለው መረቁኝ። ግሬግ ወጣ። እንዴት እንደወጣ ግን ስሙ፤ ኮንትራቱ ውስጥ "ኩባንያው ተሸጦ ከኃላፊነቴ ብነሳ" የሚል አንቀፅ ነበረው። የሄደው በቃኝ የሚያሰኝ ክፍያ ተሸክሞ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ሰው በእኔም ድምፅ ጭምር ሀብታም ሆኖ ጡረታ ወጣ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። "ደብዳቤ መጥቶልኛል። ቤቲ ትምህርት ቤት ናት፤ መጥተሽ ታነቢልኛለሽ?" አሉኝ። ከሲያትል ወጣ ብሎ ዴ ሞይን ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ጋሽ ተፈራ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ያፍተለትሉ ነበር። ቴራፒስቷ ያዘዘቻቸው ነው። ደብዳቤውን ከፈትኩ። ምን እንደሆነ ሳልገልጠው አውቄዋለሁ።

ሥራው ያበቃበትን ቀን አነበብኩላቸው። ኢንሹራንሱ የሚቋረጥበትን ቀን አነበብኩላቸው። ጃኬቱ ታጥቦ እንዲመለስ የሚለውን፣ ከገፁ ግርጌ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ሳይቀር አነበብኩ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

"ሁሉንም አነበብሽልኝ?"

"ሁሉንም እትዬ።"

"ጎሽ" አሉኝ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ "ግሬግን ይቅር ብላለች" ብላችሁ እንዳትጨርሱት። አላልኩም። ነገ ማይክ ብታገኙልኝ ቦርሳዬን ይዤ እሄዳለሁ። ቂም ይዛችሁ ከሆነም ተዉት ብዬ አልመክራችሁም፤ እኔ ማን ሆኜ? የምላችሁ ይህን ብቻ ነው፤ በቀላችሁን ስትወጡ ከእግራችሁ ሥር ማን እንደተንበረከከ ዝቅ ብላችሁ እዩ። እኔ አላየሁም። አሁን ለጋሽ ተፈራ የስቴቱን ኢንሹራንስ ለማስፈቀድ ከቢሮ ቢሮ የምዞረው እኔ ነኝ፤ በየሳምንቱ ቴራፒ የማደርሳቸውም እኔ ነኝ። ይህ ዕዳ መክፈል አይደለም፤ አይከፈልም። ለሰው ደብዳቤ ሳነብ ደግሞ ገፁን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ "እሺ" ያለኝንም ሰው ሦስቴ እጠይቀዋለሁ። ሰዎች አሰለቸሽን ይሉኛል።

የዚያን ቀን ከዴ ሞይን ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። ጫማዬን እያሰርኩ፣ ቀና ብዬ ላያቸው ስላልቻልኩ፣ ወለሉን እያየሁ ጠየቅኳቸው። "እትዬ፣ ያን ቀን ካርዱ ከእጅዎ ሲገባ ለምን አልወሰዱትም? ለምን መልሰው ሰጡኝ?"

"በሰው ፊት እንዴት ብዬ እነጥቅሻለሁ?" አሉኝ፣ የኮቴን ኮሌታ እያስተካከሉ። "ከላይ ያደረግሁልሽ እኮ ለማውጣት እንዳይቸግርሽ ብዬ ነው።"